የማዕከላዊ እና የብሎክቼይን ማኅበራዊ ሚዲያዎች ንጽጽር

ማዕከላዊ ማኅበራዊ ሚዲያ የሚባሉት እንደ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክ እና ኤክስ (የቀድሞው ትዊተር) ያሉ፣ አንድ ኩባንያ በባለቤትነት ይዞ የሚያስተዳድራቸው የመገናኛ መድረኮች ናቸው። የብሎክቼይን ማኅበራዊ ሚዲያ የሚባሉት ደግሞ የተጠቃሚዎችን መለያ፣ ጽሑፍ ወይም ክፍያ በሙሉም ሆነ በከፊል ብሎክቼይን በሚባል የጋራ መዝገብ ላይ የሚያስቀምጡ መድረኮች ናቸው። ስቲሚት፣ ሃይቭ፣ ሌንስ እና ፋርካስተር ከእነዚህ ውስጥ ይጠቀሳሉ።

በሁለቱ መካከል ያለው ዋና ልዩነት መዝገቡን የሚይዘው ማን ነው በሚለው ጥያቄ ይጠቃለላል። ከዚህ ጥያቄ ሌሎች ይከተላሉ፦ ጽሑፍን ማን ያጠፋል? መለያን ማን ይዘጋል? ከማስታወቂያ የሚገኘውን ገቢ ማን ይወስዳል? በመድረኩ ላይ በተሰራጨ ጽሑፍ ሰው ሲጎዳ ማን ይጠየቃል? እነዚህ ጥያቄዎች በኢትዮጵያ ከንድፈ ሐሳብ አልፈው የፍርድ ቤት ጉዳይ ሆነዋል።

== መሠረታዊ ሐሳብ ==

ልዩነቱን በእድር መዝገብ ምሳሌ መረዳት ይቻላል። በአንድ እድር ውስጥ የአባላትን ስምና መዋጮ የሚጽፈው ጸሐፊው ብቻ ቢሆን፣ አባላቱ በጸሐፊው ታማኝነት ላይ ይመካሉ። መዝገቡ ቢቃጠል ወይም አንድ መስመር ቢሰረዝ ማስረጃ የሚሆን ሌላ ቅጂ የለም። ማዕከላዊው አሠራር ይህን ይመስላል።

በአንጻሩ እያንዳንዱ አባል የመዝገቡን ሙሉ ቅጂ ቢይዝና አዲስ መስመር የሚጻፈው አባላቱ በተስማሙበት ደንብ መሠረት ብቻ ቢሆን፣ አንድ ሰው ብቻውን መዝገቡን መለወጥ አይችልም፤ የእሱ ቅጂ ከሌሎቹ ጋር ስለማይመሳሰል ወዲያው ይታወቅበታል። ብሎክቼይን የሚከተለው ይህንን ነው። ነገር ግን በስህተት የተጻፈ ወይም የአንድን ሰው ስም የሚያጎድፍ መስመር ቢገባ፣ እሱንም ከሁሉም ቅጂ ላይ መፋቅ በዚያው ልክ አስቸጋሪ ይሆናል።

== አሠራር ==

=== ማዕከላዊ መድረኮች ===

ተጠቃሚው የሚጽፈው ሁሉ በኩባንያው የመረጃ ማዕከላት ውስጥ ይቀመጣል። የይለፍ ቃል ማረጋገጥ፣ የትኛው ጽሑፍ ለማን ቀድሞ እንደሚታይ መወሰን፣ ደንብ የጣሰን ጽሑፍ ማንሳት፣ ማስታወቂያ መሸጥ ሁሉም የኩባንያው ሥራ ነው። አገልግሎቱ ለተጠቃሚው ነጻ የሚሆነው ገቢው በአብዛኛው ከማስታወቂያ ስለሚገኝ ነው።

ይህ አሠራር ፈጣንና ለመጠቀም ቀላል ነው። የይለፍ ቃሉን የረሳ ሰው በስልክ ቁጥሩ ወይም በኢሜይሉ መለያውን መልሶ ማግኘት ይችላል። ይሁን እንጂ ውሳኔው ሁሉ የባለቤቱ ነው። ለምሳሌ ኢሎን መስክ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ትዊተርን በ44 ቢሊዮን ዶላር ከገዙ በኋላ፣ ሌሎች ድርጅቶች ለዓመታት የሠሯቸው የትዊተር ማንበቢያ መተግበሪያዎች በጥር 2023 እንዳይሠሩ ተደርገዋል።

=== የብሎክቼይን መድረኮች ===

ብሎክቼይን በተከታታይ የተያያዙ የመረጃ ጥቅሎች (ብሎኮች) ሰንሰለት ነው። እያንዳንዱ ብሎክ ከእሱ በፊት የነበረውን ብሎክ ሃሽ ይይዛል። ሃሽ ማለት ማንኛውንም መረጃ፣ አጭርም ይሁን ረጅም፣ ቋሚ ርዝመት ወዳለው ቁጥር የሚቀይር ስሌት ነው። ከዋናው መረጃ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ሃሹ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ አንድን የቆየ ብሎክ የነካ ሰው ከዚያ በኋላ ያሉትን ብሎኮች ሁሉ እንደገና መሥራት ይጠበቅበታል።

በእነዚህ መድረኮች መለያ የሚታወቀው በጥንድ ቁልፎች ነው። ይፋዊው ቁልፍ እንደ አድራሻ ለሁሉም ይታያል። የግል ቁልፉ በባለቤቱ እጅ ብቻ ይቆያል፤ ጽሑፍም የሚፈረመው በእሱ ነው። የግል ቁልፉን ለማስታወስ ብዙውን ጊዜ 12 ወይም 24 ቃላት ይሰጣሉ። እነዚህን ቃላት ያጣ ሰው መለያውን የሚመልስለት ቢሮ የለም፤ ቃላቱን ያገኘ ሌባም ከባለቤቱ እኩል ሥልጣን ይኖረዋል።

ሁሉም ነገር በብሎክቼይን ላይ ይቀመጣል ማለት ግን አይደለም። ብሎክቼይን ፎቶና ቪዲዮ ለማስቀመጥ እጅግ ውድ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ መድረኮች መለያውን ወይም ሃሹን ብቻ በሰንሰለቱ ላይ መዝግበው፣ ምስሉንና ቪዲዮውን በሌላ ማከማቻ ያኖራሉ። ያ ማከማቻ ከተዘጋ በሰንሰለቱ ላይ የሚቀረው ይዘት የሌለው ምልክት ብቻ ይሆናል።

== ታሪክ ==

ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ዩቲዩብ በ2005፣ ትዊተር በ2006 ተመሠረቱ። ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የቀረበው የቢትኮይን ጽሑፍ በጥቅምት 2008 ወጣ፤ የመጀመሪያው ብሎክ በጥር 2009 ተፈጠረ። በ2015 ሥራ የጀመረው ኢቴሪየም ስማርት ኮንትራት የሚባሉ ፕሮግራሞችን በብሎክቼይን ላይ ማስኬድ ስላስቻለ፣ ከገንዘብ ዝውውር ውጭ ላሉ አገልግሎቶች በር ከፈተ።

በስፋት ከታወቁት የብሎክቼይን ማኅበራዊ ሚዲያዎች የመጀመሪያው ስቲሚት ነው። ኔድ ስኮት እና ዳን ላሪመር በ2016 የጀመሩት ሲሆን፣ ጽሑፋቸው ድምፅ ላገኘ ጸሐፊዎች ስቲም የተባለ ቶክን ይከፍል ነበር። በ2022 የአቬ መሥራች ስታኒ ኩሌቾቭ ሌንስ ፕሮቶኮልን አስተዋወቁ። ዳን ሮሜሮ እና ቫሩን ስሪኒቫሳን የመሠረቱት ፋርካስተር የመለያ ምዝገባውን በብሎክቼይን ላይ አድርጎ፣ መልእክቶቹን ከሰንሰለቱ ውጭ ባሉ ሰርቨሮች እንዲቀመጡ አድርጎ ተነሣ።

ሁሉም አልተሳካላቸውም። በነሐሴ 2023 የተጀመረው ፍሬንድ ቴክ የታዋቂ ሰዎችን "ቁልፍ" በመሸጥና በመግዛት ለአጭር ጊዜ ብዙ ሰው ስቦ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ አዘጋጆቹ ስማርት ኮንትራቶቹን የመቆጣጠር ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

=== የስቲም እና የሃይቭ መለያየት ===

ብሎክቼይን በእርግጥ ባለቤት የለውም ወይ የሚለው ጥያቄ በግልጽ የተፈተነው በስቲም ነው። በስቲም አዲስ ብሎክ የሚጽፉት "ምስክር" የሚባሉ አካላት ሲሆኑ፣ 20 ዋና ምስክሮች በድምፅ ይመረጣሉ። የድምፁ ክብደት የሚለካው ተጠቃሚው በያዘው የቶክን መጠን ነው።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 የትሮን መሥራች ጀስቲን ሳን ስቲሚት ኩባንያን ገዙ። ኩባንያው ከጅምሩ ብዙ ቶክን ይዞ ስለነበር፣ ምስክሮቹ ይህ ቶክን ድምፅ እንዳይሰጥበት አገዱት። በመጋቢት መጀመሪያ ባይናንስ፣ ሁዎቢ እና ፖሎኒየክስ የተባሉት የክሪፕቶ መገበያያዎች ደንበኞቻቸው ያስቀመጡትን ስቲም ለድምፅ ተጠቀሙበት፤ የቀድሞዎቹ ምስክሮችም ከቦታቸው ተነሡ። ባይናንስ እና ሁዎቢ በኋላ ድምፃቸውን አነሡ።

ከማኅበረሰቡ ብዙዎች በመጋቢት 20 ቀን 2020 ኮዱንና የቆየውን ጽሑፍ ሁሉ ገልብጠው ሃይቭ የተባለ አዲስ ሰንሰለት ጀመሩ። የስቲሚት ኩባንያ ድርሻ ወደ ሃይቭ አልተሻገረም። በግንቦት ደግሞ በስቲም ሰንሰለት ላይ ከተቃዋሚዎች መለያ ከ23 ሚሊዮን በላይ ስቲም እንዲወሰድ የሚያደርግ የኮድ ለውጥ ተደረገ።

ይህ ታሪክ ሁለት ነገር አሳይቷል። በአንድ በኩል ሥልጣን በቶክን መጠን የሚለካ ከሆነ፣ ብዙ ገንዘብ ያለው ሰው መድረኩን መቆጣጠር ይችላል። በሌላ በኩል ተጠቃሚዎቹ ጽሑፋቸውንና ተከታዮቻቸውን ይዘው መውጣት ችለዋል። ፌስቡክ ወይም ዩቲዩብ ቢሸጥ ተጠቃሚው ይህን ማድረግ አይችልም።

== ዋና ዋና ልዩነቶች ==

| መስፈርት | ማዕከላዊ መድረክ | የብሎክቼይን መድረክ |
|---|---|---|
| የመዝገቡ ያዥ | አንድ ኩባንያ | በኔትወርኩ የሚሳተፉ ብዙ ኮምፒውተሮች |
| የመለያ ማረጋገጫ | የይለፍ ቃል | የግል ቁልፍ |
| መለያ ሲጠፋ | ኩባንያው ይመልሳል | ቁልፉ ከጠፋ በአብዛኛው አይመለስም |
| ይዘት ማጥፋት | ይቻላል | ከማሳያው መደበቅ ይቻላል፤ ከሰንሰለቱ ማጥፋት አስቸጋሪ ነው |
| ገቢ | በዋናነት ማስታወቂያ | ቶክን፣ ክፍያ፣ የተጠቃሚ ድጋፍ |
| ደንብ የሚያወጣ | የኩባንያው አመራር | በኮድና በድምፅ፤ ብዙ ጊዜ በቶክን መጠን |
| በሕግ ተጠያቂ | የታወቀ ድርጅት | በግልጽ ለመለየት የሚያስቸግር |

=== ይዘትን ስለማጥፋት ===

አለመጥፋት እንደ ሁኔታው ጥቅምም ጉዳትም ነው። በሚያዝያ 2018 የቻይናው ፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለ ወሲባዊ ጥቃት ያወጣችው ግልጽ ደብዳቤ ከአገሪቱ ማኅበራዊ ሚዲያዎች ሲነሣ፣ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ደብዳቤውን በኢቴሪየም ዝውውር ውስጥ አስገብቶ ጻፈው። ደብዳቤው እስከ ዛሬ በሰንሰለቱ ላይ ይገኛል።

በዚያው ዓመት በጀርመን የአኽን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በቢትኮይን ሰንሰለት ውስጥ ከገንዘብ ዝውውር ጋር ግንኙነት የሌላቸው 1,600 ያህል ፋይሎች አገኙ። ከእነዚህ መካከል መያዛቸው ራሱ በብዙ አገሮች ወንጀል የሆኑ ነበሩበት። የግፍን ማስረጃ ከመጥፋት የሚጠብቀው ባሕርይ፣ የተጎጂን ምስልም ከመጥፋት ይጠብቀዋል።

=== ፍጥነትና ወጪ ===

የቢትኮይን ሰንሰለት በሴኮንድ ሰባት ያህል ዝውውሮችን ብቻ ያስተናግዳል። ለማኅበራዊ ሚዲያ የተሠሩ ሰንሰለቶች ከዚህ በጣም ይፈጥናሉ፤ ስቲም እና ሃይቭ በየሦስት ሴኮንዱ አንድ ብሎክ ይጽፋሉ። ፍጥነቱ የተገኘው ግን ብሎክ የሚጽፉትን በቁጥር በመወሰን ነው። በኃይል ፍጆታ ረገድ ኢቴሪየም በመስከረም 2022 የአሠራር ስልቱን ከቀየረ በኋላ ፍጆታው ከ99 በመቶ በላይ ቀንሷል።

== በኢትዮጵያ ==

=== የማዕከላዊ መድረኮች ተጠያቂነት ===

በጥቅምት 2021 የፌስቡክ የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን ለአሜሪካ ምክር ቤት በሰጡት ምስክርነት፣ የኩባንያው አሠራር ግጭት ከሚያባብስባቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያን ጠቅሰዋል።

ወሎን በቀጥታ የነካው ጉዳይ በዚያው ዓመት የታየ ነው። በሐምሌ 2021 መጨረሻ አንድ ተጠቃሚ በአማርኛ በጻፈው የፌስቡክ ጽሑፍ፣ በራያ ቆቦና በሌሎች የአማራ ክልል ቦታዎች በሕወሓት ኃይሎች ግድያና አስገድዶ መድፈር እንደተፈጸመ፣ የትግራይ ተወላጅ ሲቪሎችም እንደተባበሩ ገለጸ። ጽሑፉ መጀመሪያ በኩባንያው የአማርኛ መለያ ስርዓት ተጠቁሞ፣ በገምጋሚዎች ተነሣ። ተጠቃሚው ለሜታ የቁጥጥር ቦርድ አቤት ካለ በኋላ ኩባንያው ማንሳቱ ስህተት ነበር ብሎ መለሰው። ቦርዱ በታኅሣሥ 2021 በሰጠው ውሳኔ ግን፣ በጦርነት ወቅት ያልተረጋገጠና አንድን ብሔረሰብ የሚወነጅል ወሬ ለአደጋ ያጋልጣል በማለት ጽሑፉ እንዲነሣ ወሰነ። ሜታ በኢትዮጵያ ላይ ስላደረሰው ተጽዕኖ ገለልተኛ ጥናት እንዲደረግም ሐሳብ አቀረበ። አንድ ጽሑፍ በጥቂት ወራት ውስጥ ተነሥቶ፣ ተመልሶ፣ እንደገና እንዲነሣ ተወሰነበት።

በኅዳር 2021 የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በባሕር ዳር ተገደሉ። ልጃቸው በታኅሣሥ 2022 ከሌሎች ከሳሾች ጋር በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሜታን ከሰሰ። ክሱ ከግድያው በፊት በፌስቡክ የወጡ ጽሑፎች አባቱን ለጥቃት እንዳጋለጡ፣ ጽሑፎቹ እንዲነሡ ቢጠየቅም በጊዜው እንዳልተነሡ ይገልጻል። ሜታ በበኩሉ ጥላቻን የሚያነሣሡ ጽሑፎችን በደንቡ እንደሚከለክልና ለቁጥጥሩ ብዙ ገንዘብ እንደሚያወጣ ይናገራል። ፍርድ ቤቱ በሚያዝያ 2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል።

ይህ ክስ ለንጽጽሩ ትልቅ ትርጉም አለው። ከሳሹ ስሙና አድራሻው የታወቀ ኩባንያ ፊት ለፊት ቆሟል። ተመሳሳይ ጽሑፍ በብሎክቼይን መድረክ ላይ ቢወጣ ኖሮ፣ ለማን ማመልከት እንደሚቻልና ማመልከቻውን የተቀበለው አካል ጽሑፉን ማጥፋት መቻሉ አጠራጣሪ ይሆን ነበር።

=== የሕግ ማዕቀፍ ===

የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት ሰጪዎች ጥቆማ ሲደርሳቸው የጥላቻ ንግግርን ወይም ሐሰተኛ መረጃን በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ይጠይቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ግለሰቦች ስለ ራሳቸው የተያዘ መረጃ እንዲሰረዝ የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። ሁለቱም አዋጆች መሰረዝ የሚችል አንድ አካል አለ ከሚል መነሻ የተጻፉ ናቸው፤ የማይሰረዝ መዝገብ ከዚህ መነሻ ጋር ይጋጫል።

የቶክን ክፍያም ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ባወጣው ማስጠንቀቂያ የክሪፕቶከረንሲ ግብይት በሕግ እንዳልተፈቀደ አስታውቋል። ስለዚህ ከብሎክቼይን መድረክ በቶክን የተከፈለ ጸሐፊ ቶክኑን ወደ ብር ለመቀየር ሲሞክር ከዚህ ማስጠንቀቂያ ጋር ይገናኛል።

ቴክኖሎጂው ራሱ ግን በአገሪቱ እንግዳ አይደለም። የትምህርት ሚኒስቴር በሚያዝያ 2021 ከካርዳኖ አዘጋጅ ድርጅት ጋር፣ የአምስት ሚሊዮን ተማሪዎችን የትምህርት ማስረጃ በብሎክቼይን ለመያዝ መስማማቱ ይፋ ሆኖ ነበር።

=== የኢንተርኔት መቋረጥ ===

ስለ ብሎክቼይን በተደጋጋሚ የሚነገረው አንዱ ነገር "ሊዘጋ አይችልም" የሚለው ነው። ይህን ለመመዘን ሁለት ዓይነት መዘጋትን መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው የተወሰኑ መድረኮች መታገድ ነው። ከየካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወራት ያህል ታግደው ነበር። በዚያ ጊዜ ብዙዎች ቪፒኤን ተጠቅመዋል። በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የተበተነ መድረክ በእንዲህ ያለ እገዳ ወቅት ለማገድ ይበልጥ አስቸጋሪ ነው።

ሁለተኛው የኢንተርኔቱ ራሱ መቋረጥ ነው። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጧል። በትግራይ መቋረጡ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ጀምሮ ረጅም ጊዜ ቆይቷል። በአማራ ክልልም በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ከአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ጋር የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቀጥሏል። መስመሩ ከተቋረጠ ፌስቡክም ሆነ ብሎክቼይን አይሠራም። በዚህ ወቅት ሰንሰለቱ በሌላ ዓለም መጻፉን ይቀጥላል፤ የተቋረጠበት ሰው ግን ድምፁ በመዝገቡ ውስጥ አይገባም።

=== ስልክ፣ ማከማቻና የገጠር ተጠቃሚ ===

የአንድ ብሎክቼይን ነጻነት የሚመነጨው ተጠቃሚው መዝገቡን ራሱ ይዞ ማረጋገጥ በመቻሉ ነው። የቢትኮይን ሙሉ መዝገብ ግን ከ500 ጊጋባይት በላይ ሆኗል። ለምሳሌ በደቡብ ወሎ መካነ ሰላም ወይም በዙሪያው ባሉ ወረዳዎች በሞባይል ዳታ የሚጠቀም ተማሪ ይህን ያህል መረጃ በስልኩ አያወርድም፤ ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥበት ቦታም ኮምፒውተር ሌሊትና ቀን ክፍት አድርጎ መተው አይቻልም። ተማሪው ማድረግ የሚችለው የሌላ ድርጅት ሰርቨር በሰንሰለቱና በስልኩ መካከል እንዲቆምለት መፍቀድ ነው።

ያ ድርጅት ደግሞ በር ጠባቂ ይሆናል። በመጋቢት 2022 ኢንፉራ የተባለው አገናኝ ድርጅት በቅንብር ስህተት የቬንዙዌላ ተጠቃሚዎችን ከኢቴሪየም ለጊዜው አግዷቸው ነበር። ሰንሰለቱ አልቆመም፤ በሩ ግን ተዘግቶ ነበር። በዚህ መልኩ በንድፍ ያልተማከለ መድረክ በተግባር ወደ ማዕከላዊነት ይመለሳል።

=== ቴሌግራምና ቶን ===

በኢትዮጵያ ብዙ ሰው ከብሎክቼይን ጋር የተዋወቀው በቴሌግራም በኩል ነው። ቴሌግራም ራሱ ማዕከላዊ መድረክ ነው። ኩባንያው የጀመረውን የብሎክቼይን ፕሮጀክት በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ክስ ምክንያት በ2020 ትቶ፣ 18.5 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ከፍሎ፣ ከ1.2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለባለሀብቶች ለመመለስ ተስማማ። ኮዱን ገለልተኛ ባለሙያዎች ቀጥለውበት ቶን የሚባለው ሰንሰለት ሆነ። ከመጋቢት 2024 ጀምሮ ቴሌግራም ቢያንስ 1,000 ተከታይ ላላቸው ቻናሎች የማስታወቂያ ገቢን ግማሽ በቶንኮይን መክፈል ጀመረ።

በዚያው ዓመት ኖትኮይን እና ሃምስተር ኮምባት የተባሉ የስልክ ጨዋታዎች በኢትዮጵያ ወጣቶች ዘንድ ተስፋፉ። ተጫዋቹ ስክሪኑን ደጋግሞ በመንካት ነጥብ ይሰበስባል፤ ነጥቡም በኋላ ወደ ቶክን ይለወጣል ተብሎ ይጠበቃል። የሃምስተር ኮምባት ቶክን በመስከረም 2024 ሲከፋፈል ብዙዎች ለወራት ድካማቸው ያገኙት ከጠበቁት በጣም ያነሰ ነበር። እነዚህ ጨዋታዎች ከብሎክቼይን ማኅበራዊ ሚዲያ ጋር ቢምታቱም አንድ አይደሉም፤ መልእክቱ፣ ቻናሉና መለያው የሚገኙት በቴሌግራም ሰርቨር ላይ ነው።

== አማካይ መንገዶች ==

ያልተማከለ ማኅበራዊ ሚዲያ ሁሉ ብሎክቼይን አይጠቀምም። እ.ኤ.አ. በ2016 ኦይገን ሮህኮ የጀመሩት ማስቶዶን፣ እርስ በርስ በሚነጋገሩ ብዙ ሰርቨሮች ላይ ይሠራል። እያንዳንዱ ሰርቨር የራሱ አስተዳዳሪና ደንብ ስላለው ጎጂ ጽሑፍን ማንሳት ይቻላል፤ ተጠቃሚውም አስተዳዳሪው ካልተስማማው ወደ ሌላ ሰርቨር መዛወር ይችላል። በየካቲት 2024 ለሁሉም ክፍት የሆነው ብሉስካይም ብሎክቼይን ሳይጠቀም፣ ተጠቃሚው መለያውንና ጽሑፉን ይዞ እንዲዛወር ታስቦ የተነደፈ ነው።

ስለዚህ መድረኮችን ለመመዘን "ብሎክቼይን ይጠቀማል ወይ?" የሚለው ጥያቄ ብቻውን በቂ አይደለም። ጽሑፉ በትክክል የት እንደሚቀመጥ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ፣ የድምፅ ክብደት በምን እንደሚለካ፣ የተጎዳ ሰው ለማን ማመልከት እንደሚችልና ተጠቃሚው መውጣት ሲፈልግ ምን ይዞ መውጣት እንደሚችል አብሮ መታየት አለበት።

== ይህንንም ይመልከቱ ==

* ብሎክቼይን
* ቢትኮይን
* ኢቴሪየም
* ማኅበራዊ ሚዲያ
* የጥላቻ ንግግር
* ኢንተርኔት በኢትዮጵያ
* ቴሌግራም
* መካነ ሰላም